በማኅተሙ ላይ ያለው ነጭ መስመር

ፕሪቶሪያ፣ መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረዎ። እኔና ልጄ ዮዲ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ "ምን አልክ? ምን አልክ?" ስንባባል ሒሳቡ እያለቀ ስለተቸገርን ይህን ደብዳቤ ወደ ሐረር ለሚመጣው ነጋዴ ለሐምዛ ሰጥቼዋለሁ። የደም ግፊት መድኃኒትዎም አብሮ አለ።

ዛሬ የምለምንዎ ነገር አለኝ። እንደሚያውቁት የማስታወቂያ ሰሌዳና የትምህርት ቤት ባጅ እየሠራሁ ነው የምኖረው። በዚሁ ሥራ ሰበብ የአርማ ጥናት ውስጥ ገባሁልዎ፤ ፈረንጆቹ ሄራልድሪ ይሉታል። ጋሻ ይሣላል፣ በጋሻው ላይ የቤተሰቡ ምልክት ይቀመጣል፣ የቀለሙና የአቀማመጡ ሕግ ደግሞ እንደ ቅዳሴ ሥርዓት ጥብቅ ነው። የመሳፍንት ነገር እንዳይመስልዎ። ይህ አገር ንጉሥ የለውም፣ ሪፐብሊክ ነው፤ ሆኖም መንግሥቱ የአርማ መዝገብ ቤት አለው። ነርስም ሹፌርም ዜጋ ከሆነ አርማውን ያስመዘግባል። እኔም ካቻምና ዜግነቱን አግኝቻለሁ።

የዮዲ ትምህርት ቤት ልጆቹን "የቤተሰባችሁን አርማ ይዛችሁ ኑ" ብሏቸው የእኔ ልጅ ባዶ ወረቀት ይዛ ሄደች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ "መጤ" ይሏታል። 

እናቴ ትዕግሥት ነፍሷን ይማርና፣ ስለ ቅድመ አያቴ ስለ ግራዝማች ዘውዴ ማኅተም ታወራ ነበር። የኤረር በር ኬላ ሹም ሳሉ ይመቱበት የነበረ፣ ቁልፍ የያዘ እጅ የተቀረጸበት የናስ ማኅተም። "ተናኝ ጋ ነው" ትል ነበር። እባክዎ አንድ ወረቀት ላይ መትተው ይላኩልኝ። ልጄ ከየት እንደመጣች በመንግሥት መዝገብ ይጻፍላት።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ልጅዎ ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ኅዳር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኒቆ፣

የመድኃኔ ዓለም ጥበቃ ካንተና ከዮዲ አይለይ። መድኃኒቱ ደርሶኛል፣ ተባረክ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ክረምቱ ሲወጣ የጓሮው ግንብ ጥቂት ተንዶብኝ ነበር፤ ተጠግኗል። ከድሬ ጠያራ ገጠር ቲማቲም የምታመጣልኝ ሳዳ አባቷ ታመውባት ሰንብታለች። ነስሮ ይባላሉ፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው። ድሮ ለእናቴ ወተት ያመጡ ነበር። ለምን ይህን እንደጻፍሁልህ እንጃ።

ስለ ማኅተሙ፦ ምን ያደርግልሃል? እኔ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ማኅተም ስመታ ኖሬ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ማኅተም መሳቢያ ውስጥ ሲተኛ ነው ደግነቱ። የእኛም አገር ሪፐብሊክ ከሆነ ውሎ አድሯል፤ ግራዝማችነትም ቀርቷል። ምነው የሞተን ሰው ባሕር አሻግረህ ትሾመዋለህ?

ለልጅቷ ሌላ ነገር ሣልላት። ጅብ ሣል፤ የሐረር ልጅ መሆኗን ማንም አይጠራጠርም። ማኅተሙ ያለበት ሣጥን የት እንደገባ አላስታውስም።

እትዬ ተናኝ


ፕሪቶሪያ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረስዎ። በጅቡ ከልቤ ሥቄያለሁ። ዮዲ ግን አልሣቀችም። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አንዷ "ያንቺ ቤተሰብ ምልክቱ ሻንጣ ነው" ብላታለች። ቤት መጥታ ምሳዋን ሳትነካ ተኛች።

ሣጥኑ አልጋዎ ሥር ነው ይላል የእናቴ ወሬ። ሃምሳ ዓመት ከቦታው ያልተነቃነቀ ሣጥን እንዴት ይጠፋል? መዝገብ ቤቱ እስከ መጋቢት መጨረሻ ጠብቆኛል። አንድ ምት ብቻ ነው የምለምንዎ።

ልጅዎ ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኒቆ፣

ጾሙን ጾመ በረከት ያድርግልን። ለልጅቷ ስል ተሸነፍሁልህ፤ ምቱ እዚህ ውስጥ ተጣጥፎልሃል።

ከፎቶኮፒ ቤቱ ቀለም ተውሼ በቀትር መታሁት። ናሱ ከሣጥን ሲወጣ እንደ ክረምት ውኃ ይቀዘቅዝ ነበር፤ በእጄ ብይዘው ብይዘውም አልሞቅ አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባቴ ይስላል። እንዳትሥቅ። አባቴ ተስፋዬ በ1981 ዓ.ም. አረፈ፤ እኔ ደግሞ በጆሮዬ ሙሉ ነጎድጓድ አልሰማም። ግን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ በሩ ጋ፣ ሊገባ ሲል ያስል እንደነበረው ሁለት ጊዜ ይስላል። ወጥቼ ሳይ መንገዱ ባዶ ነው። ፈርቻለሁ ኒቆ።

ወረቀቱ ላይ የምታየውን ሁሉ አትሣል። እጁና ቁልፉ ይበቃሃል።

እትዬ ተናኝ


ፕሪቶሪያ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ምን ብዬ ላመስግንዎ! ምቱ ደርሶ፣ ተሥሎ፣ ቀርቦ፣ ተወድዶልኛል። ጋሻው ቀይ ነው፤ በላዩ ቁልፍ የያዘ እጅ አለ፤ ከላይ ከቀኝ ወደ ታች ወደ ግራ ጋሻውን አቋርጦ የሚሄድ ነጭ መስመር አለው። ያን መስመር በምቱ ላይ ሳየው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በአርማ ሕግ እንዲህ ያለው ሰያፍ መስመር ትልቅ ማዕረግ ነው፤ የተዋጊ ሰው መታጠቂያ ነው ይላሉ። የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ "ቅድመ አያትህ የአርማን ሕግ ሳይማሩ ያውቁ ነበር" አለኝ። ይቅር ይበሉኝና ምክርዎን አልሰማሁም፤ የአርማው ጌጥ እሱ ሆነ።

ግንቦት 1 ቀን እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለ የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ተቃውሞ ያለው ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቀርባል፤ ካልቀረበ ይጸድቃል። ማን ይቃወመናል?

አንድ ነገር ብቻ አስገርሞኛል። እጁን ስሥል ሞዴል ያደረግሁት የገዛ እጄን ነበር፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ግን የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ወጣ። ዮዲ አይታ "ይህ ሰውዬ ሞቷል እንዴ?" አለችኝ። ቢሆንም አርማውን በባጅ ሠርቼላት በሹራቧ ላይ ሰፍታ ነው ትምህርት ቤት የምትሄደው። ቀና ብላ መሄድ ጀምራለች። በጨርቅ ያተምኩትን አንድ ልኬልዎታለሁ፤ ሳሎንዎ ላይ ይስቀሉት።

ልጅዎ ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኒቆ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አጭር አደርገዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልህ ሳዳ ናት። እያንዳንዱን ቃል አንብቤላታለሁ።

ጨርቅህን ሳሎን ሰቀልሁት። ሰኞ ጠዋት ሳዳ ቲማቲሟን ይዛ ገባችና ዘንቢሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

"እማማ፣ ይሄ እኛ ቤት አለ" አለችኝ።

"ምኑ?"

"ይሄ እጅ። ነጩ መስመርም አለው። ወላሂ አለ! አያቴን ያሰሩበት ወረቀት ላይ።"

በማግስቱ ወረቀቱን በቆዳ ከረጢት አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። የፍርድ ግልባጭ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ሞኝ ሆነው አይደለም፣ አንድ ቀን እውነቱን የሚያነብልን ይመጣል ብለው ነው ዘጠና ሦስት ዓመት የያዙት። እንዲህ ይላል፦ "ሚያዝያ 10 ቀን 1921 ዓ.ም.። የኬላውን ሁለት በቅሎዎች ሰርቆ የሄደው የድሬ ጠያራው አብዱልፈታ መሆኑን በዓይኔ ያየሁ እኔ ግራዝማች ዘውዴ ነኝ።" ከሥሩ እጅ፣ ቁልፍ፣ ነጭ መስመር።

አሁን ልንገርህ። አባቴ ሊሞት ሲል ለእኔ ብቻ የነገረኝን እኔም ሠላሳ አምስት ዓመት ውጬ ኖሬያለሁ። በዚያ ዘመን ልማድ ባለማኅተም ሲሞት ማንም በስሙ እንዳይመታ ማኅተሙ ይሰበራል። አያቴ ሚያዝያ 24 ቀን 1921 ዓ.ም. አረፉ። በአርባቸው ዘመድ ተሰብስቦ ማኅተሙን በመጥረቢያ መቱት። ናሱ እንቢ አለ፤ አልተሰበረም፤ ፊቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ተጫረ። "ይበቃዋል፣ ሞቷል" ብለው ለአባቴ ሰጡት። አባቴ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ነው። በኋላ በእጁ የቀሩትን የኬላውን ሁለት በቅሎ ሸጦ ሠርጉን ደገሰበት። በ1923 ዓ.ም. የኬላውን ንብረት ቆጣሪ ሲመጣ በሟች አባቱ ስም ይህን ቃል ጻፈ፤ ቀኑን ወደ ኋላ አደረገ፤ በተጫረው ማኅተም መታበት። ሟች መስቀለኛ ጥያቄ አይጠየቅም። አብዱልፈታ በሰንሰለት ታስሮ በሦስተኛው ዓመት እዚያው ሞተ። የእኔ እናት የመጣችው በዚያ ሠርግ ነው።

እንግዲህ ያንተ መስመር የተዋጊ መታጠቂያ አይደለም፤ የመጥረቢያ ጭረት ነው። ግራዝማች በሕይወት ሳሉ የመቱት ወረቀት ላይ የለም። መስመሩ ያለበት ወረቀት ሁሉ ሰውየው ከሞተ በኋላ የተመታ ነው። ሣጥኑን ስከፍት ይህን አውቅ ነበር፤ ላንተም ደበቅሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው።

የአብዱልፈታ ልጅ እኚያ የጻፍሁልህ ነስሮ ናቸው። አባታቸው ሲታሰር አንድ ዓመታቸው ነበር። ዕድሜ ልካቸውን "የበቅሎ ሌባው ልጅ" ሲባሉ ኖረው አሁን ሊሞቱ ነው። ሳዳ እንደነገረችኝ፣ እውነቱን ስታወራላቸው "በማኅተም የመጣ ነገር በማኅተም ነው የሚሄደው፣ ቃል አልፈልግም" ብለዋል። ወደ ቢሮዎች ሄድሁ። "ከሳሽም ተከሳሽም ሞተዋል፣ ማኅተም የምንመታበት ጉዳይ የለም" አሉኝ። ዛሬ ይህ ማኅተም በመንግሥት ፊት የቀረበበት ቦታ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያንተ መዝገብ ቤት ነው። ምክንያቱን ጽፈህ ማመልከቻህን ተው፤ እነሱም በማኅተማቸው ይመልሱልህ። ሽማግሌው በሕይወት እያሉ።

እትዬ ተናኝ


ፕሪቶሪያ፣ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። አዝናለሁ፤ ግን ማመልከቻዬን አልተውም። እኔ ያን ጊዜ አልነበርኩም፣ እርስዎም አልነበሩም። ዮዲ ምን አደረገች? ልጄ ዘንድሮ ገና ጓደኛ አገኘች። "የቤተሰብሽ ምልክት የሐሰት ምስክርነት ነው" ልበላት? እዚህ አገር ያን ጭረት የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። እርስዎ ሠላሳ አምስት ዓመት ዝም ብለው አሁን በእኔ ልጅ ላይ ንስሐ ሊገቡ ነው? ለሽማግሌው ሐኪም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሙታንን ይተዉአቸው።

ይህን ለማን እንደምነግር አላውቅም። ሱቄ ውስጥ ያለውን ትልቁን ሥዕል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬው ነበር። ሁለት ቀን በተከታታይ ጠዋት ስከፍት ወደ እኔ ዞሮ አገኘሁት። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው። ዮዲን ጠየቅኳት፤ አልነካሁም አለች።

ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ግንቦት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኒቆ፣

ስለ ዝምታዬ ያልኸው ልክ ነው። ቆርጦኛል፤ ግን ልክ ነው። የሐኪሙን ነገር ለሳዳ አልነገርኋትም፤ ኋላ አንተው እንዳታፍርበት ብዬ።

ካፈርሁ አይመልሰኝ አትሁን። ጋዜጣው ተቃውሞ ያለው ያቅርብ ብሏል አላልኸኝም? አለኝ። እነሆ፦

"ለአርማ መዝገብ ቤት። እኔ የግራዝማች ዘውዴ የልጅ ልጅ ተናኘወርቅ ተስፋዬ፣ በኒቆዲሞስ ስም የቀረበውን አርማ እቃወማለሁ። በአርማው ላይ ያለው ነጭ መስመር ማኅተሙ በባለቤቱ ሞት ምክንያት እንዲሰበር የተመታበት ምልክት ነው። አባቴ ይህን የተሰረዘ ማኅተም በሐሰት ቃል ላይ መትቶ የድሬ ጠያራውን አብዱልፈታን አሳስሯል። አብዱልፈታ በቅሎ አልሰረቀም። የወረቀቱ ፎቶ ተያይዟል። ቃሌ እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።"

የቢሮውን አድራሻ አላውቅም፣ ቋንቋቸውንም አልችልም። ተርጉመህ የምታደርስልኝ አንተ ነህ። ብትቀደውም ማንም አያውቅብህም። ቀኑ እስከ ግንቦት 30 ነው።

እትዬ ተናኝ


ፕሪቶሪያ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዝም ስልዎት ቀደደው ብለው እንደነበር አውቃለሁ። ልቀደው ነበር። ተርጉሜ ዘጠኝ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሥራ ስሠራ እጄ ወደ ኪሴ ይሄዳል፤ ወረቀቱን ነክቶ ይመለሳል።

በዘጠነኛው ቀን ለዮዲ አነበብኩላት፤ አብዱልፈታ ያኔ የአንድ ዓመት ልጅ እንደነበረውም ነገርኳት። አልቅሳ "ባጄን አትንካብኝ" ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን "እና ያን ልጅ ምን ይሉት ነበር?" አለች። "የሌባው ልጅ" አልኳት። መኝታ ቤቷ ገባች። ጠዋት ሹራቧ ላይ ባጁ አልነበረም፤ የክሩ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ያን ቀን አቀርቅራ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ አለቀስኩ።

በማግስቱ፣ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አቀረብኩ። ጸሐፊዋ ሁለቱን ወረቀቶች አስተያይታ "አመልካቹም ተቃውሞውን ያመጣኸውም አንተ ነህ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ።

ውሳኔው ትናንት ወጣ። አርማው አይመዘገብም። የእርስዎ ቃል ግን ከነምክንያቱ በመዝገቡ ውስጥ ለዘላለም ይቀመጣል፤ ማንም ዜጋ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። "አብዱልፈታ በቅሎ አልሰረቀም" የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዳለ አለበት። ማኅተም የተመታበትን ዋናውን ቅጂ ከነአማርኛ ትርጉሙ ነገ በሚበረው በሐምዛ እጅ ልኬያለሁ። ፎቶ ብቻ አልላኩም፤ በእጃቸው ይያዙት።

ባለፈው ስለጻፍኩት ክፉ ቃል ይቅር ይበሉኝ። ሽማግሌው ደረሱበት እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኒቆዲሞስ


ሐረር፣ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለኒቆዲሞስ፣

እግዚአብሔር ያክብርህ። የዮዲን ግንባር ሳምልኝ፤ ደግመህ ሳምልኝ።

ወረቀቱ በደረሰ ማግስት ከሳዳ ጋር ድሬ ጠያራ ሄድሁ። ሽማግሌው አሉ። ዓይናቸው አያይም፤ ጆሮአቸው ግን ከእኔ ይሻላል። ልጅና የልጅ ልጅ ቤቱን ሞልቶት ነበር። እኔ በአማርኛ አነበብሁ፤ ሳዳ በኦሮምኛ ደገመችው። "አልሰረቀም" የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላዬ አንዲት ሴት ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። እሳቸው አልተነቃነቁም።

"የማን ማኅተም ነው?" አሉ።

"የመንግሥት ነው።"

"የየት?"

"የሩቅ አገር።"

"ደህና" አሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። "እስቲ ስሙን ድገሚልኝ" አሉኝ። አብዱልፈታ አልሁ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ያኔ ነው ማንነቴን የነገርኋቸው። የተስፋዬ ልጅ ነኝ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አውቄ ዝም አልሁ፣ ይቅር ይበሉኝ አልሁ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

"አቦ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። እናትሽ ወተት ትገዛኝ ነበር" አሉ። ከዚያ፣ "አባትሽ ስንት ዓመት ኖረ?" አሉኝ።

"ሰማንያ አንድ።"

"የኔ ሠላሳ አንድ" አሉ።

ሳዳ እስከ አስፋልቱ ሸኝታኝ ባጃጅ እስኪመጣ ድረስ አጠገቤ ቆመች።

ተናኘወርቅ ተስፋዬ ዘውዴ